የሁለተኛ ደረጃ የንግድ ሥራ ትምህርት መማሪያና አጋዥ መጻሕፍት አመራረጥ

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲመረጥ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። መጽሐፉ ከመርሐ ትምህርቱ ጋር ይስማማል ወይ? ኅትመቱ ደኅና ነው ወይ? ዋጋውስ ስንት ነው? ለጂኦሜትሪ ወይም ለሰዋስው መጽሐፍ እነዚህ ጥያቄዎች ይበቁ ይሆናል፤ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘናት ድምር በነጋሪት ጋዜጣ አይሻሻልምና። የንግድ ሥራ ትምህርት መጽሐፍ ግን በአዋጅ፣ በደንብና በገበያ ልማድ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ትናንት ትክክል የነበረው ገጽ ዛሬ ስሕተት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ልዩነት ያላገናዘበ አመራረጥ ተማሪውን በታተመ ስሕተት ላይ እንዲተማመን ያደርገዋል።

ትምህርቱ በአገራችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ አጋማሽ ከተከፈተ ወዲህ፣ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪናና የጽሕፈት ቤት ሥራ ትምህርት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች አያሌ ሠራተኞችን አፍርቷል። በኋላም አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ፣ የንግድ ሥራ ከእርሻ፣ ከእጅ ጥበብና ከቤት አያያዝ ጎን አንድ የትምህርት ዘርፍ ሆነ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ በመሰናዶ ክፍሎች ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች «ጄኔራል ቢዝነስ» በሚል ስም ሲሰጥ ቆየ። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በሥነ ዜጋ፣ በስኮላስቲክ አፕቲትዩድ፣ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የንግድ ሥራ ትምህርት የሚማሩት እንጂ በአገር አቀፍ ደረጃ የማይፈተኑበት ትምህርት ሆኖ ነበር። የማይፈተኑበት ትምህርት ምን እንደሚደርስበት መምህራን ያውቁታል። ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ይሆናል፤ መጽሐፉም በዕቃ ግምጃ ቤት ተደርድሮ ይቀመጣል። ከዚህም የከፋው ስሕተቱን የሚያይለት ሰው መታጣቱ ነው። በፈተና የሚጠየቅ ገጽ ስሕተት ቢኖርበት በመጀመሪያው ዓመት ጩኸት ይነሣል፤ የማይጠየቅ ገጽ ግን ከነስሕተቱ ዓመታትን ያስቆጥራል።

ጉዳዩ ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ ስለ ፈተናው ብዙ ቢያነጋግርም፣ ለመጽሐፍ መራጮች የሚሰጠው ትርጉም ግን ግልጽ ነው። እጅግ የሚበዛው ተማሪ ስለ ግብር፣ ስለ ማኅበር አመሠራረትና ስለ ሂሳብ መዝገብ የሚያነበው የመጨረሻ መጽሐፍ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሰጠው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የወላጆቹ ሱቅ፣ የእህል በረንዳ፣ የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ ወይም በሁለት በሦስት ጓደኞች መዋጮ የሚቋቋም አነስተኛ ድርጅት ነው።

የሚያረጁና የማያረጁ ገጾች

በማናቸውም የንግድ ሥራ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገጾች አሉ። አንደኛው ዓይነት ፈጽሞ የማያረጅ ነው። የጣሊያኑ መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቬኒስ ያሳተመው የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ሥርዓት ዛሬም ይሠራል፤ ሀብት ከዕዳና ከባለቤቱ ድርሻ ድምር ጋር እኩል መሆኑ በማንም አዋጅ አይሻርም። ሁለተኛው ዓይነት ግን ዕድሜው አጭር ነው። የመጽሐፍ መራጭ የመጀመሪያ ተግባር እነዚህን ሁለት ዓይነት ገጾች ለይቶ ማየት ሲሆን፣ ዘወትር የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል የደመወዝ መክፈያ መዝገብ አሠራርን የሚያስተምር ምዕራፍ ይወሰድ። የወር ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በ1994 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ሠንጠረዥ ቢሰላ የሚከፍለው ግብር 2,137 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ሠንጠረዥ ቢሰላ 1,445 ብር ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት ደግሞ 1,150 ብር ነው። ደመወዙ አንድ፣ ሠራተኛው አንድ፣ መልሱ ግን ሦስት ነው። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ከግብር ነፃ የነበረው ገቢ እስከ 150 ብር፣ በሁለተኛው እስከ 600 ብር፣ በሦስተኛው እስከ 2,000 ብር መሆኑን ያስተዋለ ሁሉ፣ በመካከሉ የገንዘቡ የመግዛት ኃይል ምን ያህል እንደ ተለወጠም ይረዳል። ይህም ራሱ ጥሩ ትምህርት በሆነ ነበር። ዳሩ ግን መጽሐፉ ሠንጠረዡ የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ሳይገልጽ «የገቢ ግብር ሠንጠረዥ» ብሎ ብቻ ካተመው፣ ተማሪው ያገኘው ትምህርት ሳይሆን ቀኑ ያለፈበት ደረሰኝ ነው። የጡረታ መዋጮም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በሚያዋጣበት ዘመን ቀደም ሲል የነበረውን የ4 እና የ6 በመቶ መዋጮ ይዞ የሚገኝ መልመጃ፣ ደመወዝ ከፋዩን ሠራተኛ ገና በመጀመሪያው ወር ያሳፍረዋል።

የንግድ ማኅበራት ምዕራፍ ከዚህ የባሰ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስድስት ዓይነት ማኅበራትን ይዘረዝር ነበር፤ እነርሱም ተራ የሽርክና ማኅበር፣ የእሽሙር ማኅበር፣ የኅብረት ሽርክና፣ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር፣ አክሲዮን ማኅበርና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ናቸው። ይህን ዝርዝር በቃሉ ያልያዘ የንግድ ሥራ ተማሪ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ግን ተራ የሽርክና ማኅበርን አስቀርቶ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርንና ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ጨመረ። ዝርዝሩም ሰባት ሆነ። የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላሳሰበ። አሮጌው መጽሐፍ «አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ሊያቋቁም አይችልም፤ ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጋሉ» ብሎ ያስተምራል። ይህን አምኖ የወጣ ወጣት የግል ንብረቱን ከንግዱ ዕዳ ለመለየት ሲል በማኅበር ሥራው ምንም ድርሻ የሌለውን ዘመዱን በስም ብቻ ሁለተኛ አባል ሊያደርግ ይችላል፤ ዘመድም አንድ ቀን ድርሻውን ይጠይቃል። ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ዐረፍተ ነገር እስከ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ ይህን ያህል አጭር ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያስገርም ተቃራኒ ምሳሌ ነው። የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 285 በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1341 ቢተካም፣ የታክሱ ልክ 15 በመቶ እንደ ሆነ ቀርቷል። ስለዚህ የአዋጁ ቁጥር ያረጀበት መጽሐፍ የስሌቱ መልስ ግን ትክክል ሊሆን ይችላል። መራጩ መጽሐፉን ከመጣሉ በፊት የሞተው ቁጥሩ ነው ወይስ አሠራሩ ብሎ መመርመር አለበት ማለት ነው።

ከውጭ አገር የሚመጡ መጻሕፍት

በአገር ውስጥ በተዘጋጁት ያልረኩ መምህራን ፊታቸውን ወደ ውጭ አገር መጻሕፍት ማዞራቸው የቆየ ልማድ ነው። የፌስና የዋረን የሂሳብ አያያዝ መርሆዎች መጽሐፍ ለብዙ የአገራችን የሂሳብ ባለሙያዎች የመጀመሪያ መምህር ነበረ ለማለት ይቻላል። በእንግሊዝ በኩል ከ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ እየታደሰ የታተመው የፍራንክ ዉድ መጽሐፍ ተመሳሳይ ስፍራ አለው። እነዚህን መጻሕፍት «የባዕድ ናቸው» ብሎ ማጣጣል ፍትሐዊ አይደለም። መልመጃዎቻቸው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ የሚወጡ፣ ተማሪው አንዱን ዓይነት በክፍል፣ ሌላውን አምሳያውን በቤት እንዲሠራ በጥንድ የተዘጋጁ ናቸው። አንድን ድርጅት ከመጀመሪያው ደረሰኝ እስከ ዓመት መዝጊያ ሒሳብ የሚያስከትል የልምምድ ስብስብም አላቸው። በአገር ውስጥ በተዘጋጁ መጻሕፍት ከሁሉ የሚታጣው ይኸው ትዕግሥት ነው። አንድ ፅንሰ ሐሳብ ይተረጐማል፤ አንድ ምሳሌ ይሰጣል፤ ሦስት ጥያቄ ይቀርባል፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፋል። መዝገብ መያዝ እንደ እጅ ሥራ በድግግሞሽ የሚለመድ መሆኑን አዘጋጆቹ የረሱት ይመስላል።

ጉድለታቸው ግን ሥር የሰደደ ነው። በአሜሪካኑ መጽሐፍ ከደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር 1.45 በመቶ ነው፤ ይህ ለባሕር ዳር ወይም ለጅማ ተማሪ ምንም አይነግረውም። በመጨረሻው ሸማች ላይ ብቻ የሚጣለው የአሜሪካኖቹ የሽያጭ ታክስ በየደረጃው ከሚሰበሰበውና ነጋዴው በግዥ ጊዜ የከፈለውን ከሚያካክስበት የእኛ ታክስ ጋር በአሠራር ይለያያል። በ10,000 ብር ገዝቶ በ14,000 ብር የሚሸጥ የተመዘገበ ነጋዴ በግዥው 1,500 ብር ከፍሎ፣ በሽያጩ 2,100 ብር ሰብስቦ፣ ልዩነቱን 600 ብር ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል። በሽያጭ ታክስ የተማረ ልጅ ግን 2,100 ብሩን በሙሉ አስረክቦ 1,500 ብሩን ከወጪ ይቆጥረዋል፤ ንግዱም ያለ ምክንያት ይከስራል።

ስንቅ የሌለው ቼክም እንዲሁ ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ ይህ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ላይ የሚቀነስ አንድ ተራ መደብ ነው። በእኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን እስከ ጽኑ እሥራት በሚያደርስ ቅጣት ይከለክላል። መጽሐፉ ይህን ሳይናገር ስለ ቼክ አጻጻፍ ሁለት ገጽ ማስተማሩ ለሕፃን የክብሪትን ሳጥን አከፋፈት ብቻ እንደ ማሳየት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ከሁሉ የሚያስቆጨው ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ወሮቻችን እያንዳንዳቸው ሠላሳ ቀን በመሆናቸው፣ ጥቅምት 15 ቀን የተጻፈ የ60 ቀን የተስፋ ሰነድ ታኅሣሥ 15 ቀን ይደርሳል፤ ሠላሳና ሠላሳ አንድ ቀን እያሉ በጣት መቁጠር አያስፈልግም። ነሐሴ 10 ቀን የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ጳጉሜን በመካከል ስለምትገባ ሰነዱ የሚደርሰው ጥቅምት 5 ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ጥቅምት 4 ቀን ይሆናል። ይህን የመሰለ መልመጃ ከኢትዮጵያ በቀር በየት አገር ሊዘጋጅ ይችላል? ነገር ግን በአገር ውስጥ በሚዘጋጁትም መጻሕፍት የዓመቱ መዝጊያ ታኅሣሥ 31 በአውሮፓ አቆጣጠር ሆኖ ማየት የተለመደ ነው። ምንጩ ሳይጠቀስ ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠ ምሳሌ በዚህ ምልክት ወዲያው ይታወቃል።

ገበያው የሚያውቀው፣ መጽሐፉ የማያውቀው

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንደ መሰጠቱ መጠን፣ ተማሪው ወደ ክፍል የሚመጣው ስለ ንግድ ባዶውን ሳይሆን በራሱ ቋንቋ የተሟላ የንግድ ቃላት ይዞ ነው። ዱቤ፣ ቀብድ፣ ወለድ፣ ዋስ፣ ጅምላ፣ ችርቻሮ፣ ድለላ፣ መቀጫ ምን ማለት እንደ ሆነ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያውቃል። ጥሩ መጽሐፍ ይህን ዕውቀት እንደ መነሻ ይጠቀምበታል፤ ደካማው ግን እንደሌለ ይቆጥረዋል።

በዚህ ረገድ «ክሬዲት» የሚለው አንድ ቃል የሚያስነሣው ግርግር ሰፊ ሐተታ ይገባዋል። ተማሪው ቃሉን በገበያ ሲሰማው ዱቤ ማለት ነው። በአባቱ ስልክ ላይ ባንኩ የሚልከው አጭር መልእክት ደግሞ ገንዘብ ሲገባ ሂሳቡ «ክሬዲት» መደረጉን ይነግረዋል። ከዚያም መጽሐፉን ሲከፍት ጥሬ ገንዘብ ሲገባ «ዴቢት»፣ ሲወጣ «ክሬዲት» ይደረጋል የሚል ሕግ ያገኛል። ሦስቱ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስለዋል፤ ከጠቡም ለማምለጥ ሕጉን በቃሉ ይሸመድዳል። መፍትሔው ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ባንኩ የሚናገረው ከራሱ መዝገብ ነው፤ ደንበኛው ያስቀመጠው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ስለ ሆነ፣ ዕዳም ሲጨምር ክሬዲት ስለሚደረግ፣ መልእክቱ እንዲያ ይላል። አባትየው መዝገብ ቢይዝ ኖሮ ያንኑ ገንዘብ በራሱ መዝገብ ዴቢት ባደረገው ነበር። አንዱ ግብይት በሁለት ሰዎች መዝገብ በተቃራኒ ጎኖች መጻፉን ተማሪው በዚህ ምሳሌ ከተረዳ፣ የሁለትዮሽ አመዘጋገብን ልብ አገኘው ማለት ነው። መራጩ ይህ አንቀጽ፣ ወይም የዚህ ዓይነት አንቀጽ፣ በመጽሐፉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ቢፈልግ ስለ አዘጋጁ የማስተማር ችሎታ ከመቅድሙ የበለጠ ይረዳል።

ዕቁብም ሌላው ነው። ስለ ገንዘብ ተቋማት በሚያወሳው ምዕራፍ ዕቁብና ዕድር ብዙውን ጊዜ «ባህላዊ ተቋማት» በሚል ርዕስ በአራት በአምስት መስመር ይወሱና፣ ወደ ሂሳብ አያያዙ ምዕራፍ ሳይገቡ ይቀራሉ። እንደ ጥንታዊ ዕቃ በመስተዋት ሳጥን ተቀምጠዋል ማለት ነው። ነገር ግን የከተማውና የገጠሩ ቸርቻሪ ዋና የገንዘብ ምንጭ ይኸው ነው። ሃያ አባላት ያሉት፣ በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ይታሰብ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ባለ ሱቅ የራሱን መዋጮ ጨምሮ 20,000 ብር ይቀበላል። ይህ ገንዘብ ገቢ ነውን? ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ነጋዴዎች ራሳቸው፣ ገቢ ነው ብለው ይጽፉታል፤ በዚያ ሳምንት ሱቁ ከፍተኛ ትርፍ ያገኘ ይመስላል፤ ዕቃው በርከት ብሎ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ ወጪ ትርፉን ሲበላው ይታያል። በትክክለኛው አመዘጋገብ ግን 19,000 ብሩ ዕዳ ነው፤ በሚከተሉት 19 ሳምንታት ውስጥ በየሳምንቱ 1,000 ብር እየቀነሰ ያልቃል። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው በአንጻሩ ለ19 ሳምንታት አበዳሪ ነበር፤ የጣለው ገንዘብ በሀብት ጎን ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆኖ ይቆያል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ዕቁብ ውስጥ ሆነው አንዱ ተበዳሪ ሌላው ቆጣቢ መሆናቸውን ተማሪው በዚህ ያያል።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። የመጀመሪያውን ዕጣ ያገኘው ሰው ገንዘቡ ካላስቸኮለው ዕጣውን ለሚያስቸኩለው ሰው በ1,500 ብር ቢሸጥለት፣ ይህ 1,500 ብር ምንድን ነው? ወለድ የለበትም በሚባለው ዕቁብ ውስጥ የገንዘብ ጊዜያዊ ዋጋ ተደብቆ መገኘቱን ለማስረዳት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። የውጭው መጽሐፍ ስለዚሁ ፅንሰ ሐሳብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከነሠንጠረዡ ይሰጣል፤ ተማሪው ግን ቀመሩን እንጂ ነገሩን አያውቀውም። ዕጣ ሲሸጥ ያየው ተማሪ ነገሩን ያውቀዋል፤ ቀመሩን ብቻ ነው የሚያጣው። የትኛውን ማሟላት እንደሚቀል ለመምህራን መንገር አያስፈልግም።

ከዚሁ ጋር፣ የምሳሌዎቹ ድርጅቶች ምን ዓይነት እንደ ሆኑ ማየት ይጠቅማል። ሁሉም ምሳሌዎች ስለ ትላልቅ ኩባንያዎች ብቻ ከሆኑ፣ ቡና አቅራቢው፣ ወፍጮ ቤቱና በረንዳ ላይ ጤፍ በኩንታል የሚረከበው ነጋዴ ከመጽሐፉ ውጭ ይቀራሉ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመጋዘን ደረሰኝ ለቡናና ለሰሊጥ አምራች አካባቢ ተማሪ ከማናቸውም የውጭ ምሳሌ የቀረበ ነው። ስለ አክሲዮን ገበያም ቢሆን፣ «በኢትዮጵያ የተደራጀ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የለም» የሚለው የቀድሞ መጻሕፍት አባባል በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ከተከፈተ ወዲህ መቅረት ያለበት ነው።

አጋዥ መጻሕፍት

አጋዥ መጻሕፍትን በጅምላ ማውገዝ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ውግዘቱ ግን ገዢዎቹን አላስቀራቸውም፤ ተማሪ የሚገዛው መማሪያ መጽሐፉ ያልሰጠውን ልምምድ ፍለጋ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛው አጋዥ መጽሐፍ ያግዛል፣ የትኛውስ ያሰንፋል የሚለው ነው።

በገበያ ከሚታዩት አብዛኞቹ የምርጫ ጥያቄዎች ስብስብ ሆነው፣ መልሱን በመጨረሻው ገጽ በፊደል ብቻ የሚያስቀምጡ ናቸው። ለመዝገብ አያያዝ ትምህርት ይህ አቀራረብ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። «የ8,000 ብር ደመወዝተኛ የሚከፍለው ግብር ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ሐ» ነው ተብሎ ቢጻፍና «ሐ» 1,445 ብር ቢሆን፣ በአዲሱ አዋጅ 1,150 ብር ያገኘ ጎበዝ ተማሪ ራሱን ተጠራጥሮ የያዘውን እውነት ይጥላል። መጽሐፉ አሠራሩን በሙሉ አሳይቶ ቢሆን ግን ተማሪው ልዩነቱ ከየትኛው የሠንጠረዥ እርከን እንደ መነጨ አይቶ በራሱ ያርመዋል። አሠራሩን የሚያሳይ አጋዥ መጽሐፍ ሲያረጅም ያስተምራል፤ ፊደል ብቻ የሚሰጠው ግን ባረጀ ቀን መርዝ ይሆናል።

የምርጫ ጥያቄ የማይለካው ሌላም አለ። ተማሪው አሥር የተዘበራረቁ ደረሰኞችና አንድ የዱቤ ደብተር ተሰጥቶት በዕለት መዝገብ ማስፈር፣ ወደ ሌጀር ማዘዋወርና ሚዛኑን ማስታረቅ ይችላል ወይስ አይችልም? በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሰጠው የሙያ ብቃት ምዘና የተግባር ክፍል የሚፈትነው ይህንኑ ነው። ከአራት ፊደል አንዱን ማጥቆር ብቻ የለመደ ተማሪ ባዶ የመዝገብ ገጽ ሲቀርብለት ብዕሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጨንቀዋል። ሠላሳ ገጽ ባዶ የዕለት መዝገብና የሌጀር ቅጽ፣ ከሃያ ደረሰኞች ጋር ያለው ቀጭን የልምምድ ደብተር ከአምስት መቶ የምርጫ ጥያቄ ይልቅ ዋጋ አለው።

የመምህሩ መምሪያም በዚህ ሥር የሚታይ ነው። መልስ ብቻ የያዘ መምሪያ በመሠረቱ ሌላ አጋዥ መጽሐፍ ነው። ትምህርቱን የሚያስተምሩት ብዙውን ጊዜ በኢኮኖሚክስ ወይም በማኔጅመንት የተመረቁ፣ ሂሳብ አያያዝን እንደ ተጨማሪ ሸክም የተቀበሉ መምህራን ናቸው። ለነርሱ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች የት ላይ እንደሚሳሳቱና ለምን እንደሚሳሳቱ የሚነግር መምሪያ ነው።

ስለ አመራረጡ ሂደት

የዕቅድ ባለሙያዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ክብደት አለው። በጀቱ የተወሰነ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ተማሪ የማዳረሱ ግብ በብዙ ስፍራ ገና አልተሟላም፤ አዋጅ በተሻሻለ ቁጥር መጽሐፍ ማሳተምም የማይታሰብ ነው። «ስሕተቱን መምህሩ በቃል ያርመው» የሚለው መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ተማሪው ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው መጽሐፉን እንጂ መምህሩን አይደለም፤ የታተመና የተነገረ ሲጋጩም የሚያምነው የታተመውን ነው። የኤሌክትሮኒክ ቅጅም ችግሩን በግማሽ ብቻ ያቃልላል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ተማሪዎች መጻሕፍቱን ያነበቡት በስልክ ነበር፤ በቴሌግራም የሚዘዋወር ቅጅ ግን የታረመውና ያልታረመው ጎን ለጎን፣ ያለ ቀንና ያለ እትም ቁጥር ይጓዛል።

የሚሻለው መንገድ የሚያረጀውን ከማያረጀው በኅትመት መለየት ነው። መርሆውና መልመጃው በመጽሐፉ ይታተም፤ የግብር ሠንጠረዡ፣ የጡረታ መዋጮው ልክ፣ የማኅበራት ዝርዝርና የአዋጅ ቁጥሮች ግን በሁለት ገጽ አባሪ ወረቀት፣ የወጣበት ዓመት በራሱ ላይ በጉልህ ተጽፎ፣ በየዓመቱ ነሐሴ ወር ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ይሠራጭ። መልመጃውም «በያዝኸው አባሪ ሠንጠረዥ መሠረት አስላ» ይበል። የአባሪውን ዝግጅት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በየክልላቸው ካሉት የገቢዎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ወጪው ከአንድ ወረቀትና ከማባዣ ቀለም አያልፍም። ይህን አሠራር የሚቀበል አዘጋጅ በጨረታው ነጥብ እንዲጨመርለት፣ ቀን የሌለው ሠንጠረዥ በመጽሐፉ ገጽ ውስጥ ያተመ ደግሞ እንዲቀነስበት ማድረግ ለገምጋሚ ኮሚቴው አይከብድም።

እስከዚያው ድረስ በየትምህርት ቤቱ ያለ የትምህርት ክፍል ኃላፊ በግማሽ ሰዓት ሊያደርገው የሚችለው ምርመራ አለ። የደመወዝ መክፈያውን ገጽ ገልጦ ሠንጠረዡን ማየት፤ የንግድ ማኅበራቱን ዝርዝር መቁጠርና ባለ አንድ አባል ማኅበር መኖሩን ማረጋገጥ፤ የዓመት መዝጊያው ሰኔ 30 መሆን አለመሆኑን መመልከት። በእነዚህ ሦስት ገጾች የወደቀ መጽሐፍ በሌላው ምዕራፍ ጥሩ ቢሆን እንኳ ያለ ማረሚያ ወረቀት ለተማሪ መታደል የለበትም። ያለፈ እንደ ሆነም ገና ሁለት አንባቢ ይቀረዋል። አንደኛው በአካባቢው መዝገብ የሚይዝ የሂሳብ ሠራተኛ ወይም ግብር ከፋይ ነጋዴ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ መካከለኛ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተማሪው ስለ ዴቢትና ክሬዲት የሚያወሳውን ምዕራፍ ያለ መምህር አንብቦ፣ ባንኩ ወደ አባቱ ስልክ የላከውን መልእክት ለኮሚቴው ያስረዳ።